መኪናውን መሬት አስረግጠው ብሎን ላሰሩት ጋሼ

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

የመኪናዬን ሞላ የቀየሩልኝን የኚህን መካኒክ ስምና ስልክ እዚህ አልጽፍም። አንድ ሊፍት ይዘው ብቻቸውን ስለሚሠሩ ስልኩ እንዳይጨናነቅባቸው ራሳቸው ለምነውኛል። ኖርዘርን ቨርጂኒያ ናቸው፤ የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ። ሰፈሩ ስፕሪንግፊልድ ነው፤ «ስፕሪንግ» ሞላ ማለት ነውና ሞላ የሚቀይር ሰው ሌላ የት ይኖራል?

መኪናው የ2022 ቶዮታ ጂአር 86 ነው። የሥራ ቀን በ395 አውራ ጎዳና ይመላለሳል፣ በወር አንዴ ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት የመኪና መሮጫ ትራክ ላይ ይወጣል። የተፈለገው ለሁለቱም የሚሆን ሎወሪንግ ስፕሪንግ፣ ማለትም ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ነበር።

ከጋሼ በፊት የገባበትን ጋራዥ ስም አልጠራም፣ እዚያው ይቅር። የሠሩትን ግን እናገራለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ በየቦታው ስለሚሠራ ሰው ቢጠነቀቅ ይሻላል። ካሉት ሞላዎች ሁሉ ዝቅተኛውን፣ 35 ሚሊሜትር የሚያወርደውን አምጥተው «ለትራክ ዝቅ ባለ ቁጥር ጥሩ ነው» ብለው ገጠሙት። የሾኩን፣ ማለትም የሞላውን ንጥረት የሚገታውን ክፍል፣ የላይ ዳዶ በኤር ጋን ፈቱት። ዘንጉ በእጅ ቁልፍ ሳይያዝ እንዲያ ሲሽከረከር ዘይቱን የሚይዘውን ላስቲክ ይበላል፣ ከጥቂት ወር በኋላ ሾኩ ዘይት ማላብ ይጀምራል። የፍሬኑን ቱቦ ከሾኩ ላይ ሳያላቅቁ መላውን እግር በቱቦው አንጠለጠሉት። ብሎኖቹን ሁሉ ጎማው አየር ላይ እንዳለ አጠበቁ፣ ያኑ ዕለት አላይመንት (የጎማዎቹን ማዕዘን ማስተካከል) ሠሩና ሁሉም ቁጥር አረንጓዴ የሆነበት ወረቀት ሰጡ።

አረንጓዴ ማለት ፋብሪካው ከፈቀደው ሰፊ ክልል ውስጥ ነው ማለት ብቻ ነው። የፊት ጎማዎቹ ኔጌቲቭ ካምበር፣ ማለትም ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ የሚያጋድልበት ማዕዘን፣ ግራና ቀኝ ተለያይቶ ሳለ ሁለቱም አረንጓዴ ነበሩ! የኋላ ጎማዎች በሁለት ወር ውስጥ ከውስጥ በኩል ሽቦ አወጡ። አቤቱታ ሲቀርብ መልሳቸው «ትራክ የወጣ መኪና ዋስትና የለውም» ሆነ። ይኸው ነው፤ ገንዘቡም ጎማውም ቀረ።

ጋሼ መኪናውን ሳያነሱ በፊት ያደረጉትን ልንገራችሁ። ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ አራቱንም ጎን በሜትር ለክተው ጻፉ። የሾኩን አቧራ መከላከያ ገለጥ አድርገው ዘንጉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አሰሩና «ልጄ፣ ዞር ዞር ብለህ ና» አሉ። ሾኩ ሲታመቅ ማሰሪያውን እየገፋ ይወስደዋል፤ የቆመበት ቦታ ሞላው ምን ያህል እንደተጨመቀ ይናገራል። የፊቱ ባምፕ ስቶፕ፣ ማለትም ሾኩ ጉዞውን ሲጨርስ የሚቀበለው የፎም ጎማ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ እንኳ የጣት ውፍረት ያህል ነጻ ቦታ አልነበረውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪናው ጉብታ ላይ ሲያንገጫግጭ «ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ነው» ይባላል። ያ ሞላ ከፋብሪካው ብዙም አይጠነክርም ነበር፤ አጭር ብቻ ነው። የሚያንገጫግጨው መኪናው ባምፕ ስቶፕ ላይ ተቀምጦ ስለሚሄድ ነው። ኩርባ መሀል ላይ የፊቱ ባምፕ ስቶፕ ሲነካ የፊቱ ጥንካሬ በአንድ አፍታ ይዘልላል፣ ጎማው መያዝ ያቅተዋል፣ መሪው ተጠምዝዞ ሳለ መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ውጪ ይሄዳል። የኋላው ቀድሞ ቢነካ ደግሞ ጭራው ያመልጣል፤ ይኸኛው ይብሳል። ባምፕ ስቶፑን ቆርጦ መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ ያኔ ብረት ከብረት ይመታል። የሞላው አምራች ይህን ያህል ይቆረጥ ካለ ያለውን ያህል ብቻ ይቆረጣል፣ ካላለ አይነካም።

ዝቅ ባለ ቁጥር ጥሩ ነው የሚለውም በዚህ መኪና ላይ አይሠራም። የፊት ጎማው አያያዝ ማክፈርሰን የሚባለው ነው፣ አንድ ብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኝ ክንድ) ከታች፣ ሾኩ ከላይ። መኪናው ሲወርድ ብራቾው ከአግድም አልፎ ወደ ላይ ይንጋደዳል። ያኔ መኪናው የሚያጋድልበት ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል፤ ስለዚህ 35 ሚሊሜትር የወረደ መኪና ሞላው በበቂ ካልጠነከረ በኩርባ ላይ ከበፊቱ የበለጠ ሊያጋድል ይችላል። የቴስቲናው፣ ማለትም መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ ማዕዘንም አብሮ ይበላሻል፣ ጉድጓድ በነካ ቁጥር መሪው ለብቻው ይጎትታል።

ጋሼ የጠየቁት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ በወር ስንት ቀን ትራክ ይወጣል፣ ጎማው ምንድን ነው፣ ሾኩ የፋብሪካው ሆኖ ይቀጥላል ወይ። ሾኩ የፋብሪካው ከሆነ ምርጫው በራሱ ይጠብባል። የጂአር 86 የፋብሪካ ሞላ ጥንካሬ ከፊት 28፣ ከኋላ 39 ኒውተን በሚሊሜትር ነው፤ ሞላውን አንድ ሚሊሜትር ለመጨመቅ የሚያስፈልገው ኃይል ማለት ነው። (የሱባሩው ቢአርዜድ 30 እና 35 ስለሆነ የአንዱን ሞላ ለሌላው ከመግዛታችሁ በፊት ሚዛኑ እንደሚቀየር እወቁ።) ሞላው በ25 በመቶ ቢጠነክር የሾኩ የመግታት አቅም ከሞላው አንጻር 11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ይህን ጤነኛ ሾክ ይሸከመዋል። በ80 በመቶ ቢጠነክር ግን ሩቡን ያጣል፣ መኪናው ከእያንዳንዱ ጉብታ በኋላ ሁለት ሦስቴ ይነጥራል። ያን ያህል የሚፈልግ ሞላ ብቻ ሳይሆን ሾክም አብሮ ይግዛ፣ ወይ ሙሉ ኮይሎቨር (ሞላና ሾክ አንድ ላይ የተሠራ) ይግባ።

የመረጡት 20 ሚሊሜትር የሚያወርድ፣ ከፊት 35 ከኋላ 44 አካባቢ የሆነ፣ ከላይ እስከ ታች ጥንካሬው እኩል የሆነ ሞላ ነው። ፕሮግረሲቭ የሚባለው እየተጨመቀ የሚጠነክረው ዓይነት ለመንገድ ይመቻል፣ ትራክ ላይ ግን ኩርባ መሀል ጥንካሬው ስለሚለዋወጥ መኪናውን ለመገመት ያስቸግራል። ስለ ብራንድ ብዙም አልተጨነቁም። አይባክም፣ ኤች ኤንድ አርም፣ ስዊፍትም ደህና ብረት ይሠራሉ፤ ወረቀቱ ላይ ስንት እንደሚያወርድና ጥንካሬው ስንት እንደሆነ ያልጻፈ አምራች ካያችሁ ግን እለፉት። «ዝቅ ያለ መልክ ከፈለግህ ሌላ ሰው ጋ ሂድ፣ እኔ ጋ አይሆንም» ሲሉ ሸጠው ማትረፍ ይችሉ የነበረውን ነው የመለሱት። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?

ሥራቸውንማ ተዉት። የፍሬኑን ቱቦና የኤቢኤሱን ሽቦ መጀመሪያ አላቀቁ። ሞላውን በመጭመቂያ ጨምቀው ዳዶውን በእጅ ፈቱ፣ ዘንጉን በሄክስ ቁልፍ ይዘው። የአዲሱን ሞላ ጫፍ መቀመጫው ላይ ካለው ማቆሚያ ጋር አገናኙ፤ ይህ ካልተገናኘ ሞላው በመጀመሪያው ጉብታ ዞሮ ቦታውን ሲይዝ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ቁመቱም ግራና ቀኝ ይለያያል። ገጥመው ሲጨርሱ መኪናውን አንስተው፣ ጎማው እስከ መጨረሻው ተንጠልጥሎ ሳለ ሞላውን በእጃቸው ለማዞር ሞከሩ። አልዞረም። ቢዞር ኖሮ አጭር ነው፣ ትራክ ላይ ጎማ ሲነሳ ከመቀመጫው ይወጣል ማለት ነው።

አሁን ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝን ልንገራችሁ። ብሎኖቹን ሁሉ በእጅ ብቻ አስይዘው መኪናውን አወረዱት፣ እያንዳንዱን ጎማ ወፍራም ጣውላ ላይ አቆሙት። ከዚያ ከጎን ካለው የሀበሻ ሱቅ ሰባት ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ከረጢት ተውሰው ሾፌሩ ወንበር ላይ ደረደሩ፤ 79 ኪሎ ገደማ፣ ልክ ሰው የተቀመጠ ያህል። መኪናውን በእጃቸው ገፋ ገፋ አድርገው እንዲረጋ ካደረጉ በኋላ ከሥር ገብተው፣ ራሳቸው ያልፈቷቸውን የብራቾ ብሎኖች ጭምር አንድ በአንድ ላላ አድርገው መልሰው በቶርክ ቁልፍ አሰሩ።

ለምን? የብራቾው መጋጠሚያ ላይ ያለው ጎሚኒ በውስጥም በውጪም ከብረት ጋር የተጣበቀ ላስቲክ ነው። አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል ብቻ። ብሎኑ በታሰረበት ሰዓት ብራቾው በነበረበት ቦታ ላይ ያርፋል። ጎማው ተንጠልጥሎ ከታሰረ መኪናው መሬት ላይ በቆመ ቁጥር ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይኖራል፤ መኪናውን ወደ ላይ ስለሚገፋ ቁመቱ ይዋሻል፣ በኋላ ላስቲኩ ሲደክምና ሲሰነጠቅ መኪናው ይወርዳል፣ አላይመንቱም አብሮ ይሄዳል። የመጀመሪያው ጋራዥ ወረቀት ዋጋ ያጣውም በዚህ ነው። ሞላ ሲቀየር ደግሞ ያልተፈቱት ብሎኖችም የድሮውን ቁመት እንደያዙ ናቸው። ይህን ለማድረግ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደባቸው፤ አላስከፈሉም። ጤፉን ራሳቸው ተሸክመው መለሱ።

አላይመንቱን ያኑ ዕለት ለመንዳት እንዲበቃ ብቻ አስተካክለው «400 ማይል ንዳና ተመለስ» አሉ። አዲስ ሞላ ጥቂት ሚሊሜትር ይረጋል። ሲመለስ ቁመቱን ከድሮው ጽሑፋቸው ጋር አመሳከሩና የመጨረሻውን ሠሩ፦ ከፊት በሁለቱም ጎን 2.0 ዲግሪ ኔጌቲቭ ካምበር፣ ቶው (የጎማው ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ የሚዞርበት ማዕዘን) ዜሮ፤ ከኋላ ካምበሩ 1.6 ዲግሪ፣ ቶው በድምሩ 0.15 ዲግሪ ወደ ውስጥ። የፊቱን ካምበር ፋብሪካው ማስተካከያ ስላልሰጠው ሾኩን ከጎማው መያዣ ጋር በሚያገናኘው ቦታ ላይ የካምበር ብሎን አስገቡ። ይህ ብሎን ክፉኛ ሲመታ ሊንሸራተት ስለሚችል ራሱና ብረቱ ላይ አንድ ነጭ የቀለም መስመር አሰመሩ፤ ከትራክ በኋላ መስመሩ ካልተገናኘ ተንሸራቷል ማለት ነው። የኋላ ካምበር በፋብሪካው ብራቾ አይስተካከልም። በ20 ሚሊሜትር ግን የሚስተካከለውን ብራቾ መግዛት አላስፈለገም፤ በ35ቱ ቢሆን ኖሮ ከ250 ዶላር በላይ ተጨማሪ ወጪ ነበር። ሰው ብዙ ጊዜ የጎማ መበላትን በካምበር ያሳብባል፣ የኋላ ጎማን በሁለት ወር ሽቦ የሚያደርሰው ግን በአብዛኛው የተበላሸ ቶው ነው።

መብራቱንም አልረሱትም። ፊቱ ከኋላው በ10 ሚሊሜትር ብቻ በልጦ ቢወርድ በሰባት ሜትር ተኩል ርቀት ግድግዳ ላይ ብርሃኑ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ግድግዳ ላይ አስተካከሉት።

ውጤቱስ? ሰሚት ፖይንት ዋናው ትራክ 10 ኩርባ አለው፣ የመጨረሻው ፈጣን የቀኝ ኩርባ ወደ ረጅሙ ቀጥታ የሚያስወጣው ነው። በድሮው ሞላ እዚያ ላይ መኪናው ወደ ውጪ ይገፋና እግርን ከነዳጁ ላይ ማንሳት ግድ ነበር። አሁን እግር ሳይነሳ ይታለፋል። እዚያው ግቢ ያለው ሸናንዶዋ ትራክ ላይ በጀርመኑ የኑርበርግሪንግ ትራክ ያለውን ካሩሰል የሚባል ኩርባ አስመስለው የሠሩት ተዳፋት ኩርባ አለ፤ መኪናውን ወደ ታች ስለሚጫነው የሞላ ፈተና ነው። የዘንጉ ማሰሪያ ከዚያ በኋላ ሲታይ ባምፕ ስቶፑን ነክቶታል፣ አልደፈጠጠውም። በ395 ጉድጓድ ላይ ደግሞ ጥርስ አያንገጫግጭም።

ወገኖቼ፣ መኪናችሁ ጂአር 86 ባይሆንም ሂዱ። ኮሮላም ይሁን። ሾክ ለመቀየር ብቻም ቢሆን ሂዱ፤ ብሎኑን መሬት አስረግጠው የሚያስሩ ሰው ናቸው። ሌላ ጋ የምትሄዱ ከሆነም ቢያንስ «ጎሚኒውን መኪናው ሲወርድ ነው የምታጠብቁት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ግራ ገብቷቸው ካዩአችሁ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ጋሼ ጋ የምትሄዱ ቀጠሮ ያዙ፣ ሳትደውሉ አትሂዱ። የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ባዶ አድርጉ፣ ቤንዚን ግማሽ ይሁን፣ የጎማ ንፋስ አስተካክላችሁ ሂዱ፤ ያለዚያ ልኬቱ ልክ አይመጣም ብለው ይቆጣሉ። ቸርኬያችሁ የሌባ መከላከያ ዳዶ ካለው መፍቻውን አትርሱ። ረስቼ ሄጄ መልሰውኛል።