መጥረጊያ የተሰቀለበት ቤት የጠጣነው ሺለር

ከጀርመኗ ሽቱትጋርት ዳር፣ ከኡንተርቱርክሃይም በላይ ያለው ኮረብታ ሁሉ የወይን ተክል ነው። ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር በእግር ወጣን። ሮተንበርግ ጫፍ ላይ የዚያ አካባቢ ንጉሥ የነበሩት ቪልሄልም ለሟች ባለቤታቸው ለካታሪና ያሠሩት የመቃብር ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1824 የተጠናቀቀ ነው። ንግሥቲቱ ሩሲያዊት ስለነበረች ለብዙ ዓመታት ኦርቶዶክሳዊ ቅዳሴ ይቀደስበት ነበር። ተሳልመን ስንወርድ ርቦን ነበር።

መንገድ ዳር አንድ በር ላይ መጥረጊያ ተሰቅሎ አየን። ሀገር ቤት ጠላ ቤት በእንጨት ጫፍ ጣሳ እንደሚደፋው መሆኑ ነው። ወይን አለ፣ ግቡ ማለት ነው። ቤቱንም ቤዘን ይሉታል፣ መጥረጊያ እንደማለት። ገበሬው የራሱን ወይን በራሱ ቤት የሚሸጥበት ነው። ሕጉ በዓመት ከ4 ወር በላይ እንዲከፍት፣ ከ40 በላይ መቀመጫ እንዲያኖር አይፈቅድለትም። ስለዚህ ከማታውቁት ሰው ጋር ተጠጋግታችሁ ትቀመጣላችሁ። እኛንም ሁለት አዛውንቶች ጠጋ ብለው አስቀመጡን።

ሺለር የሚባለውን ወይን ያዘዝነው በእነሱ ምክር ነው። እኔ ስሙን ከገጣሚው ሺለር ጋር አያይዤው ነበር፤ የተወለደው እዚሁ አቅራቢያ ማርባኽ ነውና። አይደለም አሉኝ። በጀርመንኛ «ሺለርን» የሚለው ግስ ትርጉሙ ማብረቅረቅ፣ መልክን መለዋወጥ ነው። እውነትም ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ሳነሳው የቀይ ሽንኩርት ገለፈት መሰለ፤ ስመልሰው ሮማን ሆነ።

ሮዜ እንዳይመስላችሁ። ሮዜ ከቀይ ወይን ፍሬ ብቻ ነው የሚወጣው። ሺለር ግን ቀዩና ነጩ ፍሬ አንድ ላይ ተጨምቆ ነው። ድሮ ገበሬው ሁለቱንም በአንድ ማሳ አደባልቆ ይተክል፣ አንድ ላይ ይለቅም ነበር። ዛሬም ቢሆን መደባለቁ በፍሬው ወይም በድፍድፉ ነው እንጂ ከፈላ በኋላ አይሆንም። የተዘጋጀ ቀይ ላይ ነጭ ገልብጦ ሺለር ነው ማለት በሕግ ክልክል ነው። ይህን ስሰማ ወይኑን ይበልጥ ወደድኩት። አብሮ የፈላ ነገር ጣዕሙ አንድ ነው። መጀመሪያ እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ ከዚያ የነጩ ኮምጠጥ ማለት ምላስ ላይ ይቀራል። ቀይ ወይን ለሚከብዳት ባለቤቴ ተስማማት።

የሚቀዳው እጀታ ባለው ሩብ ሊትር ብርጭቆ ነው። የመጀመሪያው ሞቅ ብሎ መጣልንና አልወደድነውም። ስንናገር አስተናጋጇ ሳትከራከር ቀዝቃዛ ቀየረችልን። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ ቀዝቃዛ ካልሆነ አትቀበሉ።

ምግቡ ቀላል ነው። ማውልታሸን የሚሉት በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ ስሙ የገነነ ነው፤ መነኮሳት በጾም ወቅት ሥጋውን በሊጥ ደብቀው በሉ ይባላል። ግን አብዛኛውን ጊዜ አሳማ አለበት። አሳማ የማትበሉ ጠይቁ። እኛ ሽፔትስለ የሚሉትን በአይብ የተለወሰ የእንቁላል ፓስታ ከነተጠበሰው ሽንኩርት አዘዝን። አይቡ ከባድ ነው፣ ወይኑ ኮምጠጥ ብሎ ያወርደዋል። የድንች ሰላጣው ግን ጨው በዝቶበታል።

ካርድ አይቀበሉም፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ሁለታችን ጠግበን ከ40 ዩሮ በታች ነው የከፈልነው። መጥረጊያው በወሩ መጨረሻ ይወርዳል አሉን፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ እህቴን ይዘን ተመላሽ ነን።