ሶላር ወይስ የመስመር? የደሴ የእግርና የብስክሌት መንገድ መብራት

ደሴ ላይ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ዳር መብራት ይተከል ከተባለ ምርጫው ሁለት ነው፤ ሶላር ወይም ከኤሌክትሪክ መስመር የሚሳብ።

የመስመሩ ሌሊቱን ሙሉ አይደክምም። ግን ገመድ ለመቅበር መቆፈር አለ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ መንገዱ በአንዴ ይጨልማል፣ አምሽታ ከሥራ የምትመለስ ልጅ በስልኳ ብርሃን እየዳበሰች ነው ቤቷ የምትገባው።

ሶላር ላይ እያንዳንዱ ምሰሶ ራሱን የቻለ ነው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይበራል። ችግሩ ክረምቱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሲተኛባት ፓኔሉ በደንብ ስለማይሞላ ባትሪው ሳይነጋ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ደመናማ ቀን የሚችል ባትሪ፣ ሰው ሲመጣ የሚደምቅ ሴንሰር ያለው ይገዛ። ጎረቤቷ ኮምቦልቻ ብትሆን ዝቅ ያለች ሞቃት ናት፣ ሳላመነታ ሶላር እል ነበር።

ለደሴ ግን ቁልቁለቱና መታጠፊያው ላይ የመስመር፣ ሜዳው ላይ ሶላር። ቁልቁለት በብስክሌት የሚወርድ ልጅ ጉድጓዱን ቀድሞ ማየት አለበት!

የትኛውም ይሁን፣ ብርሃኑ ወደ መሬት ይዙር፤ ቀለሙ 3,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ገደማ፣ ሞቅ ያለ ቢጫ። ደማቅ ነጩ ዓይን ይወጋል።