ለቢራቢሮ ብዬ የገዛሁት የ450 ብር ሌንስ

ስልክ ካሜራ ላይ በመቆንጠጫ የሚሰካ አጉሊ ሌንስ ነው። ባሕር ዳር ከአንድ የሞባይል ዕቃ ሱቅ ገዛሁት። ሻጩ «15 እጥፍ ያጎላል» ብሎ ማለልኝ፤ ቤት ገብቼ በማስመሪያ ብሞክረው ግማሹንም አይሞላ።

ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ጨሞጋ ወንዝ ዳር፣ ኮሸሺላው ላይ የምትሰፍር ብርቱካንማ ቢራቢሮ አለች፤ የክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጥብ ጣል ጣል ያለበት። በሳይንስ ስሟ ቫኔሳ ካርዱይ ትባላለች። ሌንሱን የገዛሁት ለእሷ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከንቱ ድካም ነበር። ሌንሱ ጥርት የሚለው ሁለት ጣት ያህል ሲጠጉ ብቻ ነው፤ እኔ እስክጠጋ ደግሞ እሷ የለችም። ዘዴው ሰዓቱ ነው። ቢራቢሮ ሰውነቷ ሳይሞቅ መብረር አትችልም፣ የማርቆስ የጠዋት ብርድ ደግሞ የዋዛ አይደለም። በማግስቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሄጄ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ስትሞቅ ደረስኩባት።

ልጅ ሆነን ቢራቢሮ ስንይዝ ጣታችን ላይ የሚቀረው ዱቄት ትዝ ይላችኋል? ዱቄት አይደለም፣ ቅርፊት ነው። እንደ ሣር ክዳን አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ አየሁት። ለዚህ ብቻ 450 ብሩ አልቆጨኝም።

በደረቴ ተኝቼ ሳለሁ በሬ የሚነዱ አንድ አባት ቆመው «መምህር፣ ምን ጠፋብዎ?» አሉኝ። ስልኩን አሳየኋቸው። ወገኖቿ በመከር ወራት ከአውሮፓ ተነስተው ሰሃራን እንደሚያቋርጡ፣ የደርሶ መልሱ መንገድ ከ12,000 ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ፣ አንዷ ግን እንደማትጨርሰው፣ እስከ 10 ትውልድ እየተቀባበለ እንደሚሄድበት ነገርኳቸው።

«ያለ ስንቅ?» አሉ።

«ስቡን ሆዷ ውስጥ ይዛ፤ መንገድ ላይም አበባ እየቀሰመች።»

«እንግዲያስ ስንቅማ አላት» ብለው በሬያቸውን ተከተሉ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። የመቆንጠጫው ስፖንጅ በሳምንቱ ወልቆ ስልኬን ጫረብኝ፤ በሱፐር ግሉ መልሼ ለጠፍኩት። የስልክ ልባስ ካልወለቀ አይገጥምም። የሥዕሉ ዳር ዳር ይደበዝዛል፣ መሃሉ ግን ግሩም ነው። ከ300 ብር በላይ አትክፈሉ፤ እኔ መከራከር ስለማላውቅ ነው።