ሚዛኑን ግዙ፣ ስኒውን ተዉት

ከባሕር ዳር ዋናው ገበያ ጀርባ፣ ብረት በያጆቹ ከተደረደሩበት ገባ ብሎ አንዲት የድሮ ዕቃ መሸጫ አለች። ታፔላ የላትም። ሰዉ «የጋሼ ዕቃ ቤት» ይላታል። ጋሼ የተባሉት ባለቤቱ ናቸው። በሩ ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጣሉ፤ ካልጠየቋቸው አይናገሩም። ከፔዳ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በባጃጅ ከመጣችሁ «በያጆቹ ጋ» በሉ፤ ሾፌሩ ያደርሳችኋል።

ፍርዴን ቀድሜ ልናገር። ሥራ የሚሠራ የድሮ ዕቃ ለሚፈልግ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ከዚህች የተሻለ ሱቅ አላየሁም። ለሳሎን ጌጥ የሚሆን ለሚፈልግ ግን አልመክርም። እዚያ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ዋጋው አይቀመስም።

እኔ በሥራ ቀን ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ቤቴ ኬክ እጋግራለሁ፤ ለልደት፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት። የምርቃት ሰሞንማ ፔዳም ፖሊም (ፖሊቴክኒኩ) ስለሚያስመርቁ ኦቭኔ አይቀዘቅዝም። ማታ ማታ ዳንቴል እሠራለሁ። ምኞቴ ሐይቁ አካባቢ አንዲት ጠባብ ኬክ ቤት መክፈት ነው። ኬኩ በቁራጭ ሳይሆን በኪሎ ይሸጣል፣ ደንበኛው እያየ ይመዘናል፣ ጠረጴዛው ላይ ጠርዙ በዳንቴል የተያዘ አቡጀዲ ይነጠፋል። ጓደኞቼ «ሙዚየም ልትከፍቺ ነው እንዴ?» ይሉኛል። አይደለም። ሙዚየም ውስጥ ያለ ዕቃ ጡረታ ወጥቷል። እኔ ቤት የሚገባ ዕቃ ግን ዕድሜው ስንትም ይሁን ሠርቶ ያድራል። ሱቋንም የምገመግማት በዚሁ ዓይን ነው።

በመጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ሚዛኑ ላይ ነበር። ባለ ሁለት ሳህን ነው፤ ድሮ ባለ ሱቆች ስኳርና ቡና የሚመዝኑበት ዓይነት። ሳህኖቹ ነሐስ ናቸው፣ እግሩ ጥቁር ብረት። ከ50 ግራም እስከ 2 ኪሎ የሚደርሱ የሚዛን ድንጋዮችም አብረውት አሉ። አንዳንዶቹ ላይ የሩሲያ ፊደል ተቀርጿል።

«ጋሼ፣ ሚዛኑ ስንት ነው?»

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ኬክ ልመዝንበት።»

«ኬክ በኪሎ?» ብለው ሳቁ። «እንግዲያው ድንጋዮቹንም አብረሽ ውሰጂያቸው። የፖሊ ናቸው፤ ራሺያኖቹ ትተዋቸው የሄዱት።»

ፖሊን የሠራችው ሶቪየት ኅብረት መሆኗ እውነት ነው። ድንጋዮቹ ከዚያ ለመምጣታቸው ግን ከጋሼ ሌላ ምስክር የለም። እሳቸው ለታሪክም ያስከፍላሉ፤ ስለዚህ ታሪኩን በነፃ ሰምታችሁ የምትከፍሉት ለብረቱ ብቻ ይሁን።

የድሮ ሚዛን ስትገዙ ዓይናችሁን አትመኑ። ሳህኖቹ ባዶ ሆነው እኩል ስለቆሙ ብቻ ሚዛኑ ልክ ነው ማለት አይደለም። አንዱ ክንድ ከሌላው ትንሽ ከረዘመ፣ ባዶውን ተስተካክሎ የቆመው ሚዛን ዕቃ ሲጫንበት ይዋሻል። መፈተኛው ቀላል ነው። ስኳር በግራ፣ ድንጋይ በቀኝ አድርጉና ስኳሩን እየጨመራችሁ እየቀነሳችሁ አመጣጥኑ። ከዚያ ሁለቱን አቀያይሯቸው። አሁንም እኩል ከቆመ ክንዱ ልክ ነው። ወደ አንዱ ካዘነበለ ተዉት። ከቦርሳዬ ስኳር ሳወጣ ጋሼ አይተው «ሻይ ልታፈዪ ነው?» አሉኝ። ሚዛኑ ግን ፈተናውን አልፏል። ክንዱ ልክ የሆነ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ጨረቃ ላይ ብትወስዱትም አይዋሽም፤ ስኳሩም ድንጋዩም እኩል ይቀላሉና። (ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ጨረቃ ላይ ኬክ ማን ይገዛል?» ይሉኛል።)

ድንጋዮቹንም ገልብጣችሁ እዩ። የብረት ድንጋይ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ትንሽ ጉድጓድ አለው፤ ልኩ እስኪመጣ ድረስ እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት ይሞላበታል። የ500 ግራሟን ስገለብጣት እርሳሷ ወልቆ ጉድጓዱ ባዶ ነበር። በእሷ የሚሸጥ ሰው፣ አስቦበትም ባይሆን፣ በየግማሽ ኪሎው ከደንበኛው ላይ ይቀንሳል። ለጋሼ አሳየኋቸው። አላንገራገሩም። 5,000 ብለው ጀምረው የነበረውን በ3,800 ብር ጨረስን። የጎደለችዋን ድንጋይ ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ። ቤቴን ስከፍትም ንግድ ቢሮ ሳያረጋግጠው ሚዛኑን ደንበኛ ፊት አላቆመውም።

ሁለተኛው ግዢዬ በእጅ የሚዞር የእንቁላል መምቻ ነው። ዋጋው ርካሽ ነበር፤ ጋሼም ምንነቱን በቅጡ ያወቁት አልመሰለኝም፤ ከመፍቻና ከመዶሻ ጋር ቀላቅለውት ነበር። ሁለት መምቻዎች አሉት፤ መዘውሩን ስታዞሩት ተቃቅፈው ይሽከረከራሉ። የትልቁን ጎማ ጥርስ ቆጠርኩት፤ 60 ነው። የትንንሾቹ 12፣ 12። እጃችሁ አንድ ዙር ሲዞር መምቻው አምስት ይዞራል ማለት ነው።

ይህን ዕቃ የወደድኩት የድሮ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሊጥ ውስጥ ያለው አየር ቶሎ ይለጠጣል፤ ኬኩ ገና ሳይበስል ይነፋና ከኦቭን ሲወጣ መሐሉ ይሰምጣል። ቆላ ወይም ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈ አሠራር እንዳለ ከተወሰደ እዚህ አይሠራም። እኔ ከቤኪንግ ፓውደሩ ሩብ ያህሉን እቀንሳለሁ። የእንቁላሉን ነጭ ደግሞ ቀጥ ብሎ እስኪቆም አልመታውም፤ ጫፉ ጎንበስ ሲል አቆማለሁ። በኤሌክትሪክ መምቻ ያቺ ደቂቃ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ታልፋለች። በእጅ ሲዞር ግን አረፋው ሲከብድ ክንዳችሁ ይነግራችኋል። መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም። ኦቭኑ የጋዝ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንከን አለው። እጀታው እንጨት ስለሆነ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይቻልም። ጎማዎቹ መሐል የገባ ሊጥ በጥርስ ብሩሽ ካልሆነ አይወጣም። ጠንከር ላለ ሊጥም አይሆንም፤ ለእንቁላልና ለክሬም ብቻ ነው። ክሬሙንም ቢሆን በጠዋት ምቱት፤ የባሕር ዳር ከሰዓት ለክሬም አይራራም።

ሁዳዴ ሲገባ መምቻው ይሰቀላል። የጾም ኬክ እንቁላል የለውም፤ የሚነፋው በሎሚ ጭማቂና በቤኪንግ ሶዳ ነው። የዘጌ ቡና አጥቁሬ አፍልቼ ሊጡ ውስጥ ሳፈስበት ሽታው ጎረቤት ይጠራል። በጾም ትእዛዝ ስለሚቀንስ ጊዜዬ ለስፌት ይተርፋል፤ ጋሼ ቤት ትልቁን ገንዘብ ያወጣሁትም ለእሱ ነው።

ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ነው። በእጅ የሚዞር፣ ጥቁር፣ ወርቃማ ሐረጉ ግማሽ በግማሽ የተፋቀ። የሲንጀር ኩባንያ የተመሠረተው በ1851 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በዓለም ላይ ያረጀ ሲንጀር ሞልቷል፤ አሮጌ መሆኑ ብቻ ውድ አያደርገውም። ሻጭ «የጣልያን ጊዜ ነው» ሲላችሁ ዝም ብላችሁ መሠረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር አንብቡ። ከ1900 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከቁጥሩ ፊት የላቲን ፊደል አለ። የእኔው «ዋይ» (Y) ነው። እሱ የሚያመለክተው ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ የነበረውን ፋብሪካ ነው፤ ዘመኑም 1920ዎቹና የ1930ዎቹ መጀመሪያ። ፋብሪካው በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። መኪናው ግን ትናንት ማታ ሽርጥ ሰፍቶልኛል።

ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። ጎማው ወደ እናንተ ሲዞር የሚይዘው ቦታ ካለ ወዲያው አትሽሹ፤ ብዙ ጊዜ የደረቀ ዘይት ነው። ጥቂት ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ ይደረግበታል፣ ያድራል፣ ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት ይገባዋል። የምግብ ዘይት በፍጹም፤ ደርቆ እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል። ቀጥሎ የታችኛው ክር የሚቀመጥባት፣ ጀልባ የመሰለች ብረት መኖሯን አረጋግጡ። እሷ ከጠፋች መኪናው የመጽሐፍ ማስደገፊያ ነው። በመጨረሻ መርፌውን። የእኔው ዓይነት ዛሬ በየልብስ ስፌቱ የሚሸጠውን ተራ መርፌ ይወስዳል። ከእሱ የቀደሙት ግን የራሳቸው መርፌ ነበራቸው፤ አሁን ማግኘት ፈተና ነው። ስለዚህ ከገበያ አንድ መርፌ ገዝታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ጋሼ 9,000 ጠሩ፣ በ7,500 ብር ተስማማን። ከጎን ያለው ጠጋኝ ለማጽዳት ሌላ አስከፈለኝ፤ ልጁ ግን ጎበዝ ነው፣ እያንዳንዷን ብሎን ከየት እንዳወጣት እየነገረኝ ነው የሠራው። አሁን የባሕር ዳር አቡጀዲ ያለ ጣጣ ይሰፋል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን በጣልያን የጦር ካሣ የተቋቋመ ነው፤ በስኮትላንድ መኪና የጣልያን ካሣ ፍሬ ስሰፋ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ።

አሁን ወደ ስኒው። የሱቋ ሰፊው መደርደሪያ የስኒና የሳህን ነው። ወጣቶች «ቪንቴጅ» እያሉ የሚሻሙትም እሱን ነው። ያምራል፤ አልክድም። አብዛኛው በልዋጭ የተሰበሰበ ነው፤ አንዷ እናት ለአዲስ ፕላስቲክ ሳፋ የሰጠችው የሠርግ ስኒ እዚህ ገብቶ ዋጋው ሰማይ ይነካል። የእኔ ቅሬታ ግን ስለ ዋጋው ብቻ አይደለም። የድሮ ሸክላ ማስዋቢያ ቀለምና ልባስ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው። ሎሚ የገባበት ሻይና ኮምጣጣ ነገር ደግሞ እርሳሱን ያወጣዋል። በዓይን አይለይም። ነጭ ልባሳቸው የተላጠ የብረት ሳህኖችንም ለምግብ አትውሰዷቸው። ጋሼ ይህን ለገዢ አይናገሩም፤ ያውቁት እንደሆነም እንጃ። ስለዚህ ስኒ ከወደዳችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት፣ ሻይውን በአዲስ ጠጡ። እኔ ቤት ግን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚበላ ዕቃ ስለማይኖር አንድም አልገዛሁም።

ስለ አገልግሎቱ። ጋሼ አይዋሹም፣ ግን ያልጠየቃችሁትን አይናገሩም። ገልብጦ ማየት፣ ማዞር፣ መፍታት ይፈቅዳሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌላ ቦታ «አትንኪ» ተብዬ ወጥቼ አውቃለሁ። ደረሰኝ የለም። የተሸጠ አይመለስም። ቴሌብር ይቀበላሉ። ዋናው ችግራቸው ዋጋ የሚተምኑት የገዢን ፊት አይተው መሆኑ ነው። ደስ ሲላችሁ ካዩ አለቀላችሁ። እኔ የምፈልገውን ዕቃ መጨረሻ ነው የምጠይቀው፤ መጀመሪያ ስለ መዶሻ እጠይቃለሁ። ቅዳሜ አትሂዱ፣ መተላለፊያ የለም። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ሱቋ ባዶ ናት፤ ጋሼም ያኔ ቡናቸውን ጠጥተው ስለሚጨርሱ ይደራደራሉ። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ የስልክ መብራት ያስፈልጋል። ማግኔትም ያዙ፤ ነሐስ ነው የተባላችሁትን ዕቃ ከሳበው ነሐስ የተቀባ ብረት ነው።

ሬዲዮም አላቸው፤ ገመዱ ተበጥሷል፣ ከፍተው አያሳዩም፣ ስለዚህ አስተያየት የለኝም። አንድ ባለ መስታወት የእንጨት ኬክ ማሳያ ግን አለ። አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል፣ እንጨቱ ጤነኛ ነው፣ ምስጥ አልነካውም። ጋሼ ከ12,000 አልወርድም ብለዋል፤ እኔ ከ9,000 አልወጣም ብያለሁ። ሱቋ ውስጥ በየትኛው ጥግ እንዳለ ግን አልነግራችሁም።