ደሴ ዳር ወይስ ኮምቦልቻ? ቤት ልትገዙ ለምትጠይቁኝ

ሰሞኑን ስልኬ የሚጮኸው ለቤት ጉዳይ ብቻ ሆኗል። ጅዳ ያለችው የአክስቴ ልጅ በሳምንት ሁለት ጊዜ የድምፅ መልእክት ትልካለች፤ «ወንድምጋሼ፣ ገንዘቡ ሞልቶልኛል፤ ደሴ ልግዛ ወይስ ኮምቦልቻ?» ፋብሪካ አብሮኝ የሚሠራው ልጅም ምሳ ላይ ይኸንኑ ይጠይቀኛል። ባለፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንኳ አንድ ጎረቤት ዘንበል ብሎ «ደሴ ዳር ገራዶ ካሬው ስንት ገባ?» አለኝ። ለእያንዳንዱ ከምደግም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከወዲሁ ልናገር፤ የማደላው ለኮምቦልቻ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው፣ እናቴ አሁንም ሆጤ ናት፣ ይህን ብታነብ ታኮርፋለች። ግን ለአሥር ዓመት ያህል በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ጠዋት ወርጄ ማታ እየወጣሁ ሠርቻለሁ፤ ደሴ ዳር ቤት ገዝቼም ተቃጥያለሁ። የምለው ከዚያ የመጣ ነው።

ቤቱን የገዛሁት በ2010 ዓ.ም ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ተዳፋት ሰፈሮች በአንዱ፣ 180 ካሬ፣ ሦስት ክፍል፣ ካርታ ያለው። 620 ሺህ ብር። በዚያው ሰሞን አንድ ባልደረባዬ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ በሚባለው ሰፈር 580 ሺህ ሰጥቶ ሲገዛ «ለሙቀትና ለወባ ገንዘብ ከፈለ» ብዬ ስቄበታለሁ። እኔ ያየሁት በመጋቢት ነበር። ግቢው ደረቅ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ከበረንዳው ከተማው ሁሉ ይታያል። ደላላው «ይኼን እይታ ማን ይሰጥሃል?» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ማንም አልሰጠኝም፤ ከፍዬበታለሁ።

ነሐሴ ላይ የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ አለ። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነው ብዬ አስላግኩት። በሁለተኛው ክረምት ከመስኮቱ ጥግ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ሰያፍ ስንጥቅ መጣ፤ ሳንቲም የምታስገባ የነበረች በመስከረም ጣት አስገባች። አንድ አናጢ ስንጥቁን ሊደፍን መጥቶ ሚስማር ቢመታ ከሲሚንቶው ልስን ሥር ጭቃ እየፈረፈረ ወጣ። ብሎኬት ብለው የሸጡልኝ ቤት በሲሚንቶ የተለሰነ የእንጨትና ጭቃ ቤት ነበር! የፊት ለፊቱን ግድግዳ ብቻ በብሎኬት አሳምረው ሠርተውታል። እንደዚህ ያለ አስመሳይ ቤት ዛሬም ሞልቷል፤ ኮምቦልቻም አለ። ጭቃ ቤት በራሱ ነውር የለበትም፤ የእናቴ ቤት ጭቃ ነው፣ ከእኔ ይበልጣል ዕድሜው። ነውሩ ጭቃውን በብሎኬት ዋጋ መሸጡ ነው።

አሁን ወጪውን አብረን እንደምር። ግዢው 620 ሺህ። የደላላ 2 በመቶ፣ 12,400። የቴምብር ቀረጥና የስም ማዞሪያ ተደምሮ 15 ሺህ ገደማ። ከላይ ያለው ጎረቤት ግቢ ወደ እኔ እንዳይመጣ ያሠራሁት የድንጋይ ድጋፍ ግንብ 185 ሺህ። የጎርፍ መውረጃ ቦይ 38 ሺህ። ጣሪያው ባለ 35 ቆርቆሮ ስለነበር ነፋስ ገልብጦት በባለ 28 ስቀይረው 46 ሺህ (ለማያውቅ፤ በቆርቆሮ ቁጥሩ ከፍ ሲል ብረቱ ይሳሳል፤ እኔ «35 ከ28 ይበልጣል» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የገዛሁት)። ጠቅላላው 916 ሺህ አለፈ። ርካሽ ብዬ የያዝኩት ቤት ግማሽ ያህል ዋጋውን እንደገና በላኝ። በ2015 በ1 ሚሊዮን 900 ሺህ ስሸጠው አተረፍክ ያሉኝ አሉ። የባልደረባዬ የ580 ሺህ ቤት በዚያው ዓመት 3 ሚሊዮን 400 ሺህ ተጠርቶለት አልሸጥም አለ። ከቀለም በቀር ያወጣበት ነገር የለም።

የደሴ ችግር ቦታ ማጣቷ ነው። አንዱ ጎኗ ጦሳ፣ ሌላው ጎኗ ገደል፣ መሐሏ የቦርከና ወንዝ የሚያልፍበት ጠባብ ሸለቆ። ሜዳው ቀድሞ ተይዟል፤ አዲስ ገዢ የሚገፋው ወደ ዳገቱ ነው። የደሴ ተዳፋት ደግሞ እንደሚንሸራተት የታወቀ ነው፤ ሸክላው አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ቁልቁል ይሄዳል፣ ከግርጌው ለመንገድ ወይም ለቤት ሲቆረጥ ደግሞ ይብስበታል። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ የተሸነሸነ ቁልቁለት ካያችሁ አትጠጉ። ካልተቆረጠም ግንዶቹን እዩ፤ ከሥራቸው ጎበጥ ብለው የወጡ ከሆነ መሬቱ እየሄደ ነው። የመብራት ምሰሶውም ካዘነበለ እንዲሁ። ይህን ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ሐጂ ናቸው፤ የነገሩኝ ግን ከገዛሁ በኋላ ነው። «ልጄ፣ ቤት በክረምት ነው የሚታይ» አሉኝ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ቦቲ አድርጋችሁ ሂዱ። ሻጩ «ዝናቡ ይብቃና ኑ» ካላችሁ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሜዳ ከተባለ ገራዶና ቦሩ ሜዳ አሉ አይደል ትሉኛላችሁ።

ገራዶ ያምራል፤ አትክልት የሚለማበት ሜዳ ነው። ችግሩም እሱ ነው። የሚሸጠው አብዛኛው የገበሬ መሬት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል ደላሎቹ ሽያጩን «የስጦታ ውል» ወይም «የብድር ውል» ብለው ያጽፉታል። ገበሬው ስንት እንደተቀበለ ውሉ ላይ የለም። ነገ ልጁ አድጎ «አባቴ ምን በወጣው ለማታውቀው ሰው ይሰጣል?» ቢል በእጃችሁ ያለው የስጦታ ወረቀት ነው። «ሂደት ላይ ነው»፣ «ካርታው ሊወጣ ነው»፣ «ወደ ከተማ ሊካለል ነው» የሚሉትን ደግሞ እኔ ከ2008 ጀምሮ እየሰማሁ ነው፤ አንድ ዘመዴ ሂደት ላይ ባለ ቤት ልጁን ወልዶ ትምህርት ቤት አስገብቷል። ዘንድሮ ለእኔ የተጠራው ዋጋ 200 ካሬ በ1 ሚሊዮን 400 ሺህ ነው። ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ገንዘብ የምትገዙት ቤቱን ሳይሆን ተስፋውን ነው።

ቦሩ ሜዳ ስሙ ትልቅ ነው፤ አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦታ ነው። ሆስፒታልም አለው። ካርታ ያለው ቤት 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ጠርተውልኛል። ሥራችሁ እዚያው ከሆነ ግዙ። ብርዱን ግን በጥቅምትና በኅዳር አንድ ሌሊት አድራችሁ ሞክሩት። ከጅዳ የምትመጣ ሰው ደግሞ አትሞክረው።

ጢጣ በደሴ ዙሪያ ካሉት ለእኔ የተሻለው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ስላለ አከራይቶ መኖር ይቻላል። ግን እነሱም ያንን ያውቁታል። 200 ካሬ ላይ ያለ የብሎኬት ቤት 5 ሚሊዮን 500 ሺህ ጠሩልኝ። በወር የሚገኘውን ኪራይ አስልቼ ገንዘቡ የሚመለስበትን ዓመት ሳየው ካልኩሌተሩን ዘጋሁት።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ ጋቢውን ሐረጎ ላይ ታወልቁታላችሁ። በ2009 ዓ.ም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ተከራይ አይጠፋም። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ደረቅ ወደቡ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ፣ ሁሉም ቤት የሚፈልግ ሰው ያመጣሉ። ሜዳውም ሰፊ ስለሆነ የድጋፍ ግንብ የሚባል ወጪ በአብዛኛው የለም። እኔ 185 ሺህ ያፈሰስኩበት ነገር እዚህ ዜሮ ነው።

ይመጣል ለሚባለው ባቡር ግን አትክፈሉ። «ሐዲዱ በዚህ ነው የሚያልፈው፤ ሲጀምር ዋጋው እጥፍ ነው» እያሉ ደላሎቹ 300 ሺህ ይጨምራሉ። ሐዲዱን አይቼዋለሁ። ባቡሩ ሲመጣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

የኮምቦልቻም ጣጣ አለ፤ አልደብቅም። አንደኛ ዋልካ፣ ጥቁሩ አፈር። በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ግቢ ካያችሁ መሠረቱ እንዴት እንደተሠራ ጠይቁ። ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ወጥቶ ገረጋንቲ (ጠጠራማ አፈር) ተሞልቶ ከተጠቀጠቀ በኋላ የተሠራ ቤት አይናወጥም፤ በጥቁሩ ላይ የተቀመጠ ቤት ግን ክረምት ይነሳል፣ በጋ ይቀመጣል። ሻጩ የመሠረቱን ፎቶ በስልኩ ካላሳየ ጎረቤት ጠይቁ፤ ጎረቤት ሲቆፈር አይቷል። ሁለተኛ ምስጥ። የበርና የመስኮት መቃኖቹን በጣት አንኳኩ፤ ድምፁ ባዶ ከሆነ ቀለሙ ብቻ ነው የቆመው። ብረት በርና መስኮት ያለው ቤት 100 ሺህ ቢጨምር እንኳ ጨምሩ፤ እኔ በኋላ ኮምቦልቻ ስገዛ ሳልጨምር ቀርቼ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት መስኮት ቀይሬያለሁ። ሦስተኛ ወንዝ። ቦርከና ዳርና የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባባቸው ገባሮች አጠገብ ያለ ቤት ሽታው በሚያዝያ፣ ጎርፉ በነሐሴ ይመጣል። ደላላ ጠዋት ነው የሚያሳያችሁ፤ እናንተ ማታ 1 ሰዓት ላይ ብቻችሁን ተመለሱ። ወባም አለ፤ እሱን ግን አጎበር ይመልሰዋል።

ስለ ወረቀቱ ትንሽ ልበል፤ እዚህ ላይ ደሴም ኮምቦልቻም አንድ ናቸው። ውል ሰፈር ውስጥ በሽማግሌ ፊት ተፈርሞ አይበቃም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲደረግ ይላል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ፊርማ ይኑርበት። ካርታው ነባር ይዞታ (ከሊዝ በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (መሬቱ ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ከመንግሥት የተያዘ)? ሊዝ ከሆነ ለመኖሪያ 99 ዓመት ቢሆንም ያልተከፈለው ዓመታዊ ክፍያ ስንት እንደቀረ ጠይቁ፤ ያ ዕዳ አብሮ ይሸጥላችኋል። ፋይሉን ራሳችሁ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ እዩ። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ በሁለቱም ከተሞች ብዙ ቢሮ ስለተዘረፈ፣ በሻጩ እጅ ያለው ካርታ ማዘጋጃ ቤት ካለው ፋይል ጋር መግጠሙን ሳታዩ ቀብድ አትስጡ።

ሌላ ደግሞ፤ ሻጩ ቀረጥ ለመቀነስ «ውሉ ላይ 800 ሺህ ብለን እንጻፍ» ይላችኋል። እኔም ብለውኝ ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስና ውሉ ቢፈርስ ይመለስልሃል የሚባለው የተጻፈው ነው። 2 በመቶ ለማዳን 3 ሚሊዮን አትስቀሉ።

መብራትና ውሃ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳም እንዳለበት እዩ። ኮምቦልቻ ስገባ የቀድሞው ሰውዬ የ11 ወር የውሃ ዕዳ ትቶልኝ ሄደ፤ ስልኩም አይነሳም። 7,300 ብር ነበር። ያበሳጨኝ ብሩ አይደለም፤ ቡና አፍልቶ «ወንድሜ፣ በዚህ ቤት ተባረክበት» እያለ መርቆኝ መሄዱ ነው።

አሁንም ደሴን የሚመርጥ ሰው ሊኖር እንደሚችል ይገባኛል። እናት አባቱ እዚያ ያሉ፣ ሙቀት የማይስማማው፣ ልጆቹ እዚያ የሚማሩ። እንደዚያ ከሆነ ዳር ዳሩን ትታችሁ ውስጥ ገብታችሁ፣ ሰኞ ገበያ ወይም ሮቢት አካባቢ ያረጀ ጭቃ ቤት ነባር ካርታ ያለውን ፈልጉ። ግቢው ጠባብ ይሆናል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ይሆናል፣ ግን 40 ዓመት የቆመ ቤት መሬቱ እንደማይሄድ ምስክሩ ራሱ ነው። በዚያው ዋጋ ዳገት ላይ ካለ አዲስ «ቪላ» ይሻላችኋል።

ለአክስቴ ልጅ በርበሬ ወንዝ አንድ ቤት አግኝቻለሁ። 200 ካሬ፣ ነባር ይዞታ፣ ብሎኬት፤ ሚስማር መትቼ አይቻለሁ፣ ከሦስቱም ግድግዳ የወጣው ዱቄት ግራጫ ነው። ባለቤትየዋ ቆመው ሲያዩኝ «ምን አድርጌህ ነው ቤቴን የምትበሳው?» አሉኝ፤ ቀዳዳዎቹን በጄሶ እደፍናለሁ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። 4 ሚሊዮን 200 ሺህ ጠርተዋል። 3 ሚሊዮን 600 ሺህ ብያለሁ። ትናንት ደላላው ደውሎ 3 ሚሊዮን 900 ሺህ መጨረሻ ነው አለኝ። የመሠረቱን ነገር ጎረቤት እስክጠይቅ ጠብቅ ብዬዋለሁ፤ ጎረቤቱ ለሠርግ ባቲ ሄዷል፣ እሑድ ይመለሳል።