የአማርኛ ፊልምና ድራማ በጆሮ ሲመዘን

የአማርኛ ተከታታይ ድራማ ሲነሳ ቶሎ የሚሰነዘረው ወቀሳ «ትወናው ደረቅ ነው» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ወቀሳው ያለ ቦታው ያርፋል። ያንኑ ተዋናይ ብሔራዊ ቲያትር መድረክ ላይ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ሹክሹክታው ኋላ ረድፍ ድረስ የሚደርስ ተዋናይ ቴሌቪዥን ውስጥ ሲገባ ከጉድጓድ የሚጣራ ይመስላል። ጥፋቱ ከአፉ እስከ ማይክሮፎኑ ባለው መንገድ ላይ ነው።

አብዛኛው ድራማ የሚቀረጸው በኪራይ ቪላ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ሶፋው ቆዳ። ለዓይን የሚያምረው ሁሉ ድምፅ የሚመልስ ነው። ማይኩ ካሜራው ላይ ተሰክቶ ከተዋናዩ 3 ሜትር ሲርቅ፣ ከንግግሩ ይልቅ ግድግዳ ነክቶ የተመለሰው ይበዛበታል። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ 6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን እዚያው ነው። ይህ ኤዲቲንግ ላይ አይወጣም። በሶፍትዌር ጫን ብለው ሊያጸዱት ሲሞክሩ ንግግሩ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። መፍትሔው ደግሞ ውድ አይደለም፦ በዘንግ የተያዘ ማይክ ከተዋናዩ ራስ በላይ ከ50 እስከ 60 ሳንቲሜትር፣ ካሜራ በማያየው ወለል ላይ ምንጣፍ፣ ካሜራ በማያየው ግድግዳ ላይ ሁለት ሦስት ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ከዚያ እንዳያጉረመርም ፍሪጁን ከሶኬት መንቀል። መልሰው ሳይሰኩ እንዳይሄዱ የመኪና ቁልፋቸውን ፍሪጁ ውስጥ የሚያስቀምጡ የድምፅ ባለሙያዎች አሉ፤ በሰው ቤት ፍሪጅ ውስጥ ያለ ሥጋ አበላሽቶ ከመክፈል ይሻላል።

ማጀቢያ ሙዚቃው ለምን ፋታ እንደማይሰጥም ከዚሁ ይገባል። እናትና ልጅ ሲያወሩ የእናቲቱ ምስል ላይ የጄኔሬተር ጉርምርምታ አለ፤ የልጁ በሌላ ሰዓት ስለተቀረጸ የለም። ምስሉ በተቀያየረ ቁጥር ጉርምርምታው ቦግ እልም ይላል። ኤዲተሩ ስንጥቁን የሚሸፍነው በኪቦርድ ሙዚቃ ነው። ሐዘን በሌለበት የሐዘን ዜማ የሚሰማው ታሪኩ ፈልጎት ሳይሆን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። ከእያንዳንዱ ቦታ ቀረጻ በኋላ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ቆሞ የክፍሉን ባዶ ድምፅ 30 ሰከንድ መቅዳት ቢለመድ ግማሹ ሙዚቃ ባላስፈለገ ነበር።

ብርሃኑ ላይ ባጭሩ፦ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ካሜራው ከአሜሪካ በመጣ ልማድ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ እያንዳንዱም ለ1/60 ሰከንድ ብርሃን እንዲቀበል ሲቀመጥ ምስሉ ላይ ጥላ ሽቅብ ቁልቁል ይንሸራተታል፤ 25 ፍሬምና 1/50 ቢደረግ ጉዳዩ አለቀ። ሌላው ነጭ ግድግዳ ነው። ጠይም ፊት ነጭ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲቀረጽ ካሜራው ብርሃኑን ለግድግዳው ይለካና ፊቱን ያጠቁረዋል። ተዋናዩን ሁለት ሜትር ወደ ፊት አምጥቶ ብርሃኑን ከጎን መስጠት ይበቃል።

የተንዛዛ ክፍል ደግሞ በሰዓት ይለካል። አንድ ክፍል ሲታይ መኪና በር ላይ ደርሶ ጥሩምባ የሚነፋበትን፣ ዘበኛው የሚከፍትበትን፣ «ሃሎ… እሺ… እሺ… ቻው» የሚባልበትን፣ 209 ሜትሩን የንግድ ባንክ ሕንጻ ድሮን የሚዞርበትን ደቂቃ ብቻ ይደምሩ። ከ40 ደቂቃ 8 ወይም 10 ከሆነ ጸሐፊው የጻፈው ለ30 ደቂቃ ገደማ ነው ማለት ነው። ሕንጻው ምን አጠፋ? ግን ባለታሪኳ መርካቶ ሄዳ ሳለ ሕንጻው ያለበትን ሰንጋ ተራን ከሰማይ ማሳየት ምን ሊነግረን ነው?

ወደ አማርኛ የተመለሱት የውጭ ድራማዎች ጋ ነገሩ ይጣፍጣል። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የቱርኩ ሥራ እንዲያ የተዋጠው በተዋንያኑ መልክ ብቻ አይመስለኝም። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ተዋናዩ ዓይኑን አፍጥጦ ቃሉን የሚጥልበት ቦታና አማርኛው «አልመጣም!» የሚልበት ቦታ ይገጣጠማል። ኮሪያኛና ሕንድኛም እንዲሁ ናቸው። እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ግን ግሡን አስቀድመው ጅራቱን ያስከትላሉ፤ ስለዚህ ቁጣው ፊት ላይ ካለፈ በኋላ ነው ቃሉ የሚሰማው። ከንፈሩ ገጥሞም ቢሆን ስሜቱ አይገጥምም።

ቱርክኛ የራሱ ወጥመድ አለው። «እሱ» እና «እሷ» ለእነሱ አንድ ቃል ናቸው። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው በሚደበቅበት ታሪክ አማርኛው ገና በሁለተኛው ክፍል «ገደለው» ወይም «ገደለችው» ብሎ መወሰን አለበት። ጎበዝ ተርጓሚ «ተገድሏል»፣ «እጁ ያለበት ሰው» እያለ ይሸሻል። ሰነፉ «እሳቸው» ይላል፤ ጾታው ተደበቀ፣ ነፍሰ ገዳዩም አንቱ ተባለ። በሌላ በኩል መጠሪያቸው ከእኛ ጋር ይቀራረባል፤ ታላቅ ወንድምን የሚጠሩበት ቃል «ጋሼ»ን፣ ታላቅ እህትን የሚጠሩበት «እትዬ»ን ፍለጋ ይመጣል። ይህን ትቶ ሁሉን «ወንድሜ» እያለ የሚያልፍ ትርጉም ቤተሰቡን የስብሰባ ተካፋይ ያደርገዋል።

ልብ ሰቃዩ ቦታ ያለ ቦታው ሲቆረጥም ጥፋቱ የአማርኛው አይደለም። የቱርክ ድራማ አገሩ ላይ ሲታይ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ለውጭ ገበያ ሲላክ ወደ 45 ደቂቃ ይሸነሸናል። ሰውየው በሩን ሊከፍት ሲል ሳይሆን ሻይ ሲያማስል የሚያልቀው ለዚህ ነው። ንግግሩ ሲቆም ዓለሙ ሁሉ ጭጭ የሚልበት ሥራ ካጋጠመ ደግሞ፣ የእግር ኮቴውና የበሩ ድምፅ ከንግግሩ ተለይቶ ሳይላክ ቀርቷል ወይም እዚህ መልሶ የሠራው የለም።

ከአገር ውስጡ ቀና የሚያደርገው አርትስ ቲቪ ላይ የታየው «እረኛዬ» ነው። ከቪላው ሳሎን ወጥቶ ገጠር መግባቱ ብቻውን ብዙ ነገር ፈታለት፤ ሜዳ ላይ የሚያስተጋባ ግድግዳ የለም። ትልቁ ነገር ግን አማርኛው ነው። ሰዎቹ እንደ ዜና አንባቢ አይናገሩም፤ ሽሙጡ፣ ምርቃቱ፣ ነገርን በምሳሌ ማዞሩ ከአገሩ የወጣ ነው። ከተሜው ድራማ ግን አንድ ሰው ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» ሲዞር ምን ያህል እንደሚቆርጥ የረሳ ይመስላል። ባሏን ሃያ ዓመት «አንተ» ስትል የኖረች ሴት አንድ ማለዳ «ቁርስዎ ቀርቧል» ካለችው ከዚያ በኋላ ጥፊም ሙዚቃም አያስፈልግም።

ሲኒማ ቤት ገብቶ ለሚያይ፦ እንደ ሲኒማ ኢትዮጵያና አምባሳደር ያሉት የመሀል ከተማ ሰፋፊ አዳራሾች የተሠሩት በጥቅልል ፊልም ዘመን ነው። የዛሬው ፊልም ድምፁ የሚዋሐደው በጠባብ ክፍል፣ አንዳንዴም በጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ሰፊ አዳራሽ ሲገባ የሙዚቃው ጎርናና ድምፅ ንግግሩን ይውጠዋል። በባለ ሁለት መስመር ስቴሪዮ ከመጣ ደግሞ ንግግሩ ከግራና ከቀኝ ስፒከር ስለሚወጣ ዳር የተቀመጠ ሰው ተዋናዩ መሀል ቆሞ ከግድግዳው ሲናገር ይሰማዋል። ስለዚህ መሀል መስመር ላይ፣ ከስክሪኑ የአዳራሹን ሁለት ሦስተኛ ያህል ራቅ ብሎ መቀመጥ ነው። ሰገነት ካለ ከሥሩ አይግቡ፤ እዚያ ድምፁ ይታፈናል። ከባዶ የሥራ ቀን ይልቅ የሞላ ቅዳሜ ይሻላል፤ የሰው ልብስና ገላ ማስተጋባቱን ይመጠዋል። ስልክ የሚያነሳው ጎረቤት ግን ከትኬቱ ጋር የሚመጣ ነው።

ቤት ውስጥ የስስ ቴሌቪዥኖች ስፒከር ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳ የዞረ ነው፤ ከድምፅ ምርጫው «ሲኒማ»ን ትቶ ለንግግር የተዘጋጀውን መምረጥ አማርኛውን ያወጣዋል። ቴሌቪዥኑ ከብሉቱዝ ስፒከር ጋር ከተገናኘ ድምፁ ከከንፈሩ ሊዘገይ ይችላል፤ «ትርጉሙ አይገጥምም» ብሎ ተርጓሚውን ከመውቀስ በፊት በገመድ አገናኝቶ ማየት ያስፈልጋል።