ሁሉን የሚያቃጥል ተጫዋች፦ በታሪኩ መቅጣት ወይስ ለብቻው ማነጋገር?

ጎንደር ፒያሳ፣ ካፌ ውስጥ፣ ባለ 20 ጎን ዳይስ ጠረጴዛው ላይ። ጨዋታው እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባህሪ ሆኖ በቃል የሚጫወተው ታሪክ ነው፤ መሪው ታሪኩን ይተርካል፣ ሙከራው መሳካቱን ዳይሱ ይወስናል። ታሪኩ በአፄ ፋሲል ዘመን ነው። አንዱ ተጫዋች ገበያውን ያቃጥላል፤ መንገድ የሚያሳያቸውን ሽማግሌ ይገድላል። የጨዋታው መሪ ምን ያድርግ?

አንደኛው መንገድ በታሪኩ ውስጥ መቅጣት ነው። ዘበኛ ያሳድደዋል፤ ነጋዴ አይሸጥለትም። ጨዋታው አይቋረጥም። ግን ልጁ የፈለገው ትኩረት ከሆነ ቅጣቱ ራሱ ይጥመዋል። ዘበኞቹንም ይገድላል፤ ሌሎቹ ተራቸው ሳይደርስ የእሱን ውጊያ ቁጭ ብለው ያያሉ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ቡና ጋብዞ ለብቻው ማነጋገር ነው። «ወንድሜ፣ ምን ጎደለብህ?» በሰው ፊት ስላልሆነ አያፍርም። ምናልባት ወሬ በዝቶበት ውጊያ ናፍቆት ይሆናል፤ ያ ይስተካከላል። እኔ ይሄን አስቀድማለሁ። አንዴ ስቶ ላጠፋ ብቻ የዘበኛው ቅጣት ይበቃል።